የቆሎና የዳቦ ቆሎ ማሸጊያ በቀላሉ እንዲከፈትና እጅ እንዲያስገባ ምን ይደረግ?

ጥያቄ (ከአራዳ፣ ጎንደር)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ቆሎና ዳቦ ቆሎ እያዘጋጀሁ፣ በላስቲክ አሽጌ ለሱቆችና በመናኸሪያ አካባቢ ለሚሸጡ ልጆች አስረክባለሁ። ደንበኞች ጣዕሙን ቢወዱትም ስለ ማሸጊያው ደጋግመው ቅሬታ ያቀርባሉ። ላስቲኩ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ግማሹ ከተበላ በኋላ እጅ ከታች አይደርስም፤ የዳቦ ቆሎው ዘይትና በርበሬም እስከ አንጓ ድረስ ይለቀልቃል፤ ወደ ባሕር ዳር በሚጓዝ መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ መታጠቢያ የለም። አረጋውያን በጣታቸው መክፈት ሲያቅታቸው በጥርሳቸው ይጎትቱታል፤ ያን ጊዜ ላስቲኩ እስከ ታች ተተርትሮ ቆሎው መሬት ላይ ይፈስሳል። ዋጋ ሳልጨምር ምን ላሻሽል እችላለሁ?

መልስ (ከማራኪ)
ከሁሉ በፊት የላስቲኩን ቅርጽ ይለውጡ። ስፋቱ 10፣ ርዝመቱ 24 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ አፉ ሲከፈት ዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከአዋቂ ሰው መዳፍ ዙሪያ ጋር ስለሚቀራረብ እጅ ገብቶ ለመዝገን ቦታ አያገኝም። በምትኩ 16 በ15 የሆነውን ቢጠቀሙ የሚፈጀው ላስቲክ ያው ሆኖ የአፉ ዙሪያ 32 ይደርሳል፣ ጥልቀቱም ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ካለው የእጅ ርዝመት አይበልጥም። እንዲያውም ስፋትና ርዝመት ሲቀራረቡ የሚይዘው ቆሎ ይጨምራል። ባለ 20 ሳንቲ ሜትሩ የእጅ ማሸጊያ ማሽንም ይበቃዋል።

መልስ (ከአዘዞ)
በቅርጹ እስማማለሁ፤ የመተርተሩ ችግር ግን ከላስቲኩ ዓይነት የሚመጣ ነው። ሲጎትቱት የሚለጠጠው ለስላሳው ፖሊኢቲሊን ነው፤ ጥርት ብሎ የሚያበራውና ሲነካ የሚንኮሻኮሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ሲሆን፣ ለመጀመር እጅግ ይከብዳል፣ አንዴ ከተቀደደ በኋላ ግን ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ ቀዳዳው የት እንደሚጀምርና ወዴት እንደሚሄድ እርስዎ አስቀድመው ይወስኑለት። አፉን ካሸጉ በኋላ ላስቲኩን አዙረው ከላይኛው ማዕዘን ሥር፣ በጎኑ ጠርዝ ላይ ጣት የሚያህል ቦታ በማሽኑ ያጣብቁ፤ ከዚያም በተጣበቀው ክፍል ላይ ብቻ፣ ወደ ውስጥ ሳያልፉ፣ በመቀስ ትንሽ ቅድ ያውጡ። ቅዱ ወደ ጎን ያመለከተ መሆን አለበት፤ ወደ ታች ካዘነበለ ያው የቀድሞው ችግር ይመለሳል። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ ሥራ እንደሚጨምር አውቃለሁ፣ ነገር ግን ገንዘብ አያስወጣም።

መልስ (ከጎንደር፣ ፒያሳ)
አፉ የሰፋ ላስቲክ ተመልሶ ለመታጠፍ ስለማይመች፣ በተለይ በክረምት እርጥበት ገብቶ ዳቦ ቆሎውን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ሰፊውን ቅርጽ በአንድ መቀመጫ ለሚያልቀው ትንሽ እሽግ ብቻ ያድርጉት፤ ለቤት የሚገዛው ትልቁ ግን ተከፍቶ የሚዘጋ አፍ ቢኖረው ይሻላል። ስለ አረጋውያን ያነሡት ጉዳይ በእውነት ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 አይኤስኦ 17480 የተባለ ስለ ማሸጊያ አከፋፈት ምቹነት የሚደነግግ ደረጃ አውጥቷል። አዲሱን እሽግ ለሱቆች ከማስረከብዎ በፊት ለጥቂት እናቶችና አባቶች ሰጥተው፣ ምንም ሳይነግሯቸው፣ በደረቅ እጅም ዘይት በነካው እጅም ሲከፍቱት ይመልከቱ፤ ቅዱን ፈልገው ካጡት በቀለም ምልክት ያድርጉበት።