ማርሽ ሲሞቅ አልገባም ይላል፤ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ይውረድ?

ባለ ኮሮላ፦
ሰላም ቤተሰብ። 93 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፣ ባለ 5 ማርሽ ማንዋል። ጠዋት ስነሳ ምንም ችግር የለውም። ከመገናኛ ወደ ሳሪስ በትራፊክ ስንፏቀቅ ግን አንደኛ እምቢ ይላል። የኋላ ማርሽማ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ግርርር ነው። ፍሪሲዮኑን ረገጥ ረገጥ ሳደርገው ይገባል። ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኩት፤ መካኒኩ ሳይነዳው "ሲንክሮው (ፍጥነት አስተካክሎ ማርሽ ያለ ጩኸት የሚያስገባው ቀለበት) አልቋል፣ ካምቢዮው ይውረድ" አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። ከመውረዱ በፊት ራሴ የማየው ነገር አለ?

የድሮ ሹፌር፦
ቆይ ወንድሜ፣ እንዳታስወርድ! ዕድሜዬን ሚኒባስ ላይ ጨርሻለሁ። "ይውረድ" የምትባለዋን ቃል በደንብ አውቃታለሁ። ለሱ ሥራ ናት፣ ላንተ ወጪ።

ሜዳ ላይ አቁመህ ሞተር አጥፋ። ፍሪሲዮን ርገጥና ማርሾቹን ሁሉ በየተራ አስገባ፣ የኋላውንም ጨምር። ያለ ትግል ከገቡና ሞተር ሲነሳ ብቻ ካስቸገሩ፣ ጥርጣሬህን ከካምቢዮው አንሳና ወደ ፍሪሲዮን አዙር። ረግጠኸውም ሞተሩን ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ አልለየውም ማለት ነው። ሞተር ጠፍቶም ድርቅ ካሉ ወይ የማርሽ ገመዶቹ ናቸው፣ ወይ ውስጡ። ያኔ መካኒኩን እንሰማዋለን።

የኋላ ማርሽ ለምን ቀድሞ ይጮሃል? በአብዛኞቹ የድሮ ካምቢዮዎች ላይ ሲንክሮ የለውም። የሚሽከረከረውን የሚያበርድለት ስለሌለ ጥርስ ለጥርስ ይፋጫል። ስለዚህ ፍሪሲዮን ረግጠህ አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቅና አስገባው። ጠብቀህም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ እየጎተተ ነው። በኋላ ማርሽ ጩኸት "ሲንክሮ አልቋል" የሚል መካኒክ ያስቀኛል፤ የሌለ ነገር እንዴት ያልቃል?

ረገጥ ረገጥ ስታደርገው መግባቱ ደግሞ ብዙ ይናገራል። ፍሪሲዮንህ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ወይ አየር ገብቶበታል፣ ወይ ጎሚኒው (የፖምፓው የውስጥ ጎማ) ግፊት አይዝም። ኮፈኑን ክፈትና ትንሿን የዘይት ዕቃ እያት። ጎድላለች? ዘይቱ ጠቁሯል? ከዚያ ከፔዳሉ በላይ በባትሪ አብርተህ የላይኛው ፖምፓ ማንጠባጠቡን እይ። የታችኛው ካምቢዮው ላይ የታሰረው ነው። የጎማ ቆቡን ገለጥ አድርገው፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ አገኘኸው። ሁለቱም ደረቅ ሆነው፣ ማርሽ አስገብተህ ፔዳሉን ረግጠህ እንደያዝክ መኪናው ቀስ በቀስ ልሂድ ልሂድ ካለ፣ የላይኛው ዘይቱን ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ይቺን ስትሞክር ፊትህ ሰው አይኑር፣ የእጅ ፍሬንም ያዝ።

የጎፋዋ፦
ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፤ ግን የካምቢዮ ዘይትም ይታይ። መኪና ሲገዛ የሞተር ዘይት ሁሉም ይቀይራል፣ ካምቢዮን የሚያስታውስ የለም። መሙያውን ፈትተህ ጣት አስገባ፣ ዘይቱ ከአፉ እኩል መሆን አለበት። 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 የተባለውን ግዛ። የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ብናኝ ካየህ የሲንክሮ ቀለበት እየተበላ ነው፤ መካኒኩ በአጋጣሚ ልክ ሆነ ማለት ነው 😄

ድምፅም አዳምጥ። ፍሪሲዮን ስትረግጥ የሚመጣ ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ስትረግጥ የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው ኩሽኔታ ይጠረጠራል።

ሽሮ ሜዳ፦
የፍሪሲዮን ሸራው አልቆ ይሆናል እንጂ ምን ይህን ሁሉ አስፈተሸው። የኔም እንደዛ ነበር።

የድሮ ሹፌር፦
@ሽሮ ሜዳ ያለቀ ሸራ ይንሸራተታል፣ ማርሽ አይከለክልም። ወደ እንጦጦ ስትወጣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልጨመረ ሸራ በል። የሱ ተቃራኒው ነው፤ አልለቅም ያለ ፍሪሲዮን።

ባለ ኮሮላ፦
ሞከርኩት! ሞተር ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ ሰተት ብሎ ገባ። ጠብቄም የኋላው ጮኸ። የታችኛው ፖምፓ ቆብ ሲገለጥ ዘይት ጠብ አለ። ግን ጋሼ፣ ለምን ሲሞቅ ብቻ?

የድሮ ሹፌር፦
ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ባለቀ ጎሚኒ በኩል በቀላሉ ያመልጣል። ያረጀ የፍሬን ዘይት ውስጥ እርጥበት አለ፣ አየርም ካለ ሙቀት ያሰፋዋል። ትራፊክ ላይ ደግሞ እግርህ ከፔዳሉ አይነሳም።

አሁን መለዋወጫ ልትገዛ ሶማሌ ተራ ስትሄድ የተፈታውን ፖምፓ ይዘህ ሂድ፣ መጠኑ ስለሚለያይ በቃል አትግዛ። ከመግዛትህ በፊት ውስጡን በጣትህ ዳስሰው። ጭረት ወይም ዝገት ካለው ጎሚኒ ብቻ መቀየር ብር መጣል ነው፣ አዲሱንም ይበላዋል፤ ሙሉውን ቀይር። የላይኛውንም ጎሚኒ አብረህ አስቀይር፤ ታችኛው ሲጠነክር ያረጀው የላይኛው ብዙ ጊዜ ይከተላል። የሚገባው የፍሬን ዘይት ነው፣ ዶት 3። የሞተር ዘይት ከገባ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል። አየሩን የምታስወጡት ለሁለት ነው፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከታች የአየር ማስወጫዋን ይፈታል። ዕቃዋ እንዳትደርቅ እየሞላችሁ። ዘይቱ ቀለም ይልጣልና መከላከያው ላይ ጨርቅ ዘርጋበት።