«ጽንሰታ»፣ «ሰአሊ ለነ»፣ «አይሳሳቱም»፦ የካቶሊክ እምነት ቃላት ሲፈቱ

ሰበታ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሰበታ ለትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የቃላት መፍቻ እያዘጋጀን ነው። ልጆቹ ከኦርቶዶክስና ከጴንጤ ልጆች ጋር በአንድ ግቢ ነው የሚያድጉት። «ማርያምን ታመልካላችሁ»፣ «ፖፑ አይሳሳትም ትላላችሁ» ሲባሉ መልስ ያጥራቸዋል። የትኞቹን ቃላት እናስቀድም? «ያለ አዳም ኃጢአት መፀነስ»ንስ እንዴት እናስረዳ?

ግስ ፈላጊ፦
ከመጨረሻው ልጀምር፤ በብዛት የሚሳተው እሱ ነውና። ብዙ ሰው ጌታ ያለ ወንድ ዘር መፀነሱን የሚናገር ይመስለዋል። አይደለም፤ ማርያም ራሷ የአዳም ኃጢአት ሳይነካት በእናቷ በሐና ማኅፀን ስለ መፀነሷ ነው። በ1854 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ፖፕ) ፒዮስ 9ኛ ያወጁትም ይህንኑ ነው። ግዕዙ ያግዛችኋል፦ ልደታ፣ ጽንሰታ፣ ፍልሰታ ሦስቱም መድረሻቸው «የእርሷ» የሚል ዝርዝር (ባለቤቱን የሚያሳይ ቅጥያ) ነው። የእርሱ ቢሆን ልደቱ፣ ጽንሰቱ ይባል ነበር። ሁለቱን በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፋችሁ ልጆቹ ራሳቸው ይለዩ።

ቀኑም ይመሰክራል። የላቲኑ ሥርዓት ጽንሰቷን ዲሴምበር 8 (ኅዳር 29)፣ ልደቷን ሴፕቴምበር 8 (ጳጉሜን 3) ያከብራል፤ መካከሉ ልክ ዘጠኝ ወር ነው። ዲሴምበር 8 የጌታ ጽንሰት ቢሆን ኖሮ እስከ ዲሴምበር 25 የሚቀረው 17 ቀን ብቻ ነበር። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ኦርቶዶክሱ ነሐሴ 7 ጽንሰታን ማክበሩ ስለ አዳም ኃጢአት ያለው ትምህርት አንድ ነው አያሰኝም። ይህን ለልጆቹ አታድበስብሱባቸው።

አስኮ፦
«ወደ ማርያም እንጸልያለን» የሚለውን ከመፍቻችሁ አውጡት። በእኛ አፍ ጸሎት ሲባል ለእግዚአብሔር የሚቀርበው ቀድሞ ስለሚታሰብ ሰሚው ወዲያው አምልኮ ብሎ ይወስደዋል። «እንድትለምንልን እንጠይቃታለን» በሉ። «ሰአሊ ለነ» ማለት እኮ «ለምኚልን» ነው፤ «መሐረነ» ግን የሚባለው ለክርስቶስ ነው። ሁለቱ ግሶች ከተለዩ ክርክሩ ግማሽ ያልቃል።

ስግደትም እንዲሁ መለየት አለበት። የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ፣ የአክብሮት ስግደት ለቅዱሳን። «ስግደት» ብቻውን ያለ ቅጽል ከተጻፈ ለአለመግባባት በር ይከፍታል።

ዝርዝር ወዳጅ፦
«አይሳሳቱም» ብሎ ማቆም ነው ችግሩ። በአማርኛ «ተሳሳትኩ» ያለ ሰው «በደልኩ» ማለቱም ሊሆን ስለሚችል፣ ሰሚው «ኃጢአት አይሠሩም» ብሎ ይረዳዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ግን እንደማንኛውም ካህን ይናዘዛሉ። በ1870 የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ የወሰነው በጣም ጠባብ ነገር ነው፦ የክርስቲያን ሁሉ እረኛና መምህር ሆነው፣ በእምነት ወይም በምግባር ጉዳይ፣ መላዋ ቤተ ክርስቲያን እንድትይዘው፣ የመጨረሻ ውሳኔ አድርገው ሲያውጁ ብቻ አይሳሳቱም። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ቃሉ አይሠራም። በ1950 ፒዮስ 12ኛ የማርያምን ፍልሰት ያወጁት በዚህ መንገድ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ለጋዜጠኛ የሚሰጥ መልስ እዚህ አይገባም። «በእምነት ውሳኔ ከስሕተት መጠበቅ» ብትሉት ይሻላል።

ሰበታ ዳር፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ቃል ይበቃል?

ግስ ፈላጊ፦
ለልጆች ከሦስት አትለፉ። መጀመሪያ ቃሉን ከነዘሩ አሳዩ፤ ቀጥሎ ከጸሎቱ ውስጥ ያለበትን ዐረፍተ ነገር አንብቡ፤ ከዚያ ልጁ ለጎረቤቱ እንደሚነግር አድርጎ በራሱ አማርኛ ይናገር። ጥያቄና መልስ በቃል ብቻ የተማረ ልጅ፣ ጥያቄው ከተጻፈው ትንሽ ሲወጣ አፉ ይያዛል። ልጁ ሃይማኖቱን ጠልቶ አይደለም፤ ማስረጃ ያልተሰጠው ቃል ነው የያዘው።

የመጀመሪያው ቃል ራሱ «ካቶሊክ» ይሁን። የፈረንጅ ሃይማኖት ስም የሚመስለው ብዙ ነው። ጎረቤቱም በቃሉ በሚያውቀው ጸሎተ ሃይማኖት «እንተ ላዕለ ኵሉ» የሚለው የዚሁ የግሪክ ቃል ግዕዝ ነው። አማርኛው «ከሁሉ በላይ» ሲለው የብልጫ ይመስላል፤ የግሪኩ ፍቺ ግን «ሁሉን የምታጠቃልል፣ የመላው» ነው። አዲስ አበባ በግዕዝ የሚቀድሱ ካቶሊኮች እንዳሉም በዚያው ንገሯቸው።