የ1994 ኮሮላ፦ ሜዳ ላይ በ80 ይመነጭቃል፣ ጠበቅ አድርገው ሲረግጡት ይተወዋል

አዳማ_መንገድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ኮሮላ ኤኢ101 ነው፣ የ1994 እ.ኤ.አ. ምርት፣ ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ፣ ማኑዋል፣ ከአሜሪካ የገባ። ሞተሩ ሳይሞቅ ምንም የለበትም። ከሞቀ በኋላ ግን ሜዳ ላይ በአራተኛም በአምስተኛም ከ70 እስከ 90 ባለው ፍጥነት እግሬን አንድ ቦታ ይዤ ስነዳ፣ ከኋላ ሰው ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው ይመስል ይመነጭቃል። ጠበቅ አድርጌ ስረግጠው ወዲያው ይተወዋል። ዳገት ላይ ጉልበቱ ሙሉ ነው፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) አይዋዥቅም፣ ቼክ ኢንጂን አይበራም። ካንዴላ፣ የካንዴላ ኬብልና የቤንዚን ፊልትሮ ተቀይረዋል። ጋራዥ ውስጥ «የቤንዚን ፓምፕ ቀይር» ተብያለሁ። ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ቴስተር፦
ፓምፑን ለጊዜው ተወው። የደከመ ፓምፕ የሚጋለጠው ብዙ ቤንዚን ሲፈለግ ነው፦ ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲበዛ፣ እስከ ወለሉ ሲረገጥ። ያንተ መኪና በዚያ ሰዓት ደህና ነው። ሜዳ ላይ በ80 የሚጠይቀው ቤንዚን ትንሽ ነው፤ ለዚህች ያነሰ ፓምፕ ዳገቱን ጨርሶ አያወጣህም። ካልተዋጠልህ ጌጅ አሳስረህ እየው፦ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሆኖ የፕሬዠር ሬጉሌተሩ (የቤንዚኑን ግፊት የሚቆጣጠረው) ቫኪዩም ቱቦ፣ ማለትም የሞተሩ ስበት የሚደርስበት፣ ተነቅሎና ጫፉ ተደፍኖ ግፊቱ ከ38 እስከ 44 ፒኤስአይ ማንበብ አለበት።

የእኔ ጥርጣሬ ትሮትል ፖዚሽን ሴንሰር ነው፤ ትሮትሉ (ነዳጅ ሲረገጥ አየር የሚያስገባው ክዳን) ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው። ውስጡ የካርቦን ትራክ አለ፤ ትራኩ ላይ ትንሽ ጣት ትንሸራተታለች። ቶሎ የሚፋቀው ጣቷ አዘውትራ የምትቆምበት ቦታ ነው፣ ማለትም ነዳጅ በትንሹ ተረግጦ ረጅም መንገድ የሚነዳበት። ጣቷ የተፋቀው ላይ ስትደርስ ምልክቱ ለቅጽበት ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩ እግርህን ያነሳህ መስሎት ቤንዚን ይቀንሳል፣ ምልክቱ ሲመለስ ደግሞ ይጨምራል። ጠበቅ አድርገህ ስትረግጥ ጣቷ ያንን ቦታ አልፋ ትሄዳለች።

ኮዱን አንብብ፦ ኮፈኑን ክፈትና «ዲያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያላትን ትንሽ ሳጥን ፈልግ። ማርሹ ዜሮ፣ ኤሲና መብራት ጠፍቶ፣ ቁልፉ በርቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በአጭር ሽቦ አገናኝ። ቼክ ኢንጂን ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ኮድ የለም። አራት ጊዜ በርቶ፣ ቆም ብሎ፣ አንድ ጊዜ ከበራ 41 ነው፤ የዚሁ ሴንሰር ኮድ። ኮድ አለመኖሩ ግን ሴንሰሩን ነጻ አያወጣውም፤ 41 የሚመጣው ሽቦው ሲቋረጥ ወይም ሾርት ሲያደርግ እንጂ ለተፋቀች ነጥብ አይደለም።

ስለዚህ በመርፌ ቴስተር ለካ። ዲጂታሉ ዘገምተኛ ስለሆነ አጭሯን መውረድ ይዘላታል። ሶኬቱን ሳትነቅል ከኋላው በኩል ቪቲኤ (የምልክቱ ሽቦ) እና ኢ2 (ኔጋቲቩ) ላይ ያዝ፣ ቁልፉን አብራ፣ ትሮትሉን በእጅህ በጣም በቀስታ ክፈት። ሲዘጋ ከ0.3 እስከ 0.8 ቮልት፣ ሙሉ ሲከፈት ከ3.2 እስከ 4.9። በመካከል መርፌዋ አንዴም ወደኋላ ማለት የለባትም። መጀመሪያ ግን ቪሲ (ለሴንሰሩ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ላይ 5 ቮልት አካባቢ መኖሩን እይ፤ ከሌለ ወይ ሽቦው ተቋርጧል፣ ወይ ሴንሰሩ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ያለው ዓይነት ነው፣ ይህ ፈተናም አይሠራለትም።

ከፍታ፦
ቴስተር ያለው ልክ ነው፣ ግን «ሳይሞቅ ምንም የለበትም» የሚለው ታልፏል። የተፋቀ ትራክ ጠዋትም ይመነጭቃል። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ሥራ የሚጀምረው ኢጂአር ነው፤ የአሜሪካ ኮሮላ ደግሞ አለው። የተቃጠለ ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ባልቦላ ነው፣ ሚኒሞ ላይ ይዘጋል፣ ሙሉ ሲረገጥም ቫኪዩም ስለሚጠፋ ይዘጋል፣ የሚከፈተው በትንሽ እግር በእኩል ፍጥነት ሲነዳ ነው። የጻፍከው ምልክት በሙሉ እዚህ ይገባል። ጭሱ ከልክ ካለፈ እሳቱ ይደክምና መኪናው ይመነጭቃል።

ፈተናው ገንዘብ አያስወጣም። ኢጂአር ባልቦላው አናት ላይ ያለውን ቀጭን ቱቦ ንቀል፣ የቱቦውን ጫፍ በትንሽ ቡሎን ድፈን፣ በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ንዳ። ከተወው ተገኘ። ካልተወው ወደ ቴስተር መርፌ ተመለስ።

ቫኪዩም ሊክ (በቀዳዳ የሚገባ ትርፍ አየር) ነው የሚሉ ስለሚመጡ ከወዲሁ፦ ይህ ሞተር አየር የሚለካው በማፕ ሴንሰር፣ ማለትም በማኒፎልዱ (የአየር ማስገቢያው) ውስጥ ባለው ግፊት ነው። ማኒፎልዱ አየር ቢስብ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምርለታል፣ ሚኒሞውም ከፍ ይላል። ያንተ ሚኒሞ ደህና ነው። ቫኪዩም ጌጅ የሚያስር መካኒክ ካገኘህም የመጽሐፉን ቁጥር አትቀበል። ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) የሚለው ለባሕር ወለል ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከ9 እስከ 13 ጤነኛ ሞተር ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ «የሞተሩ ባልቦላ አይዘጋም» ተብሎ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚወርድበት ጊዜ አለ።

ባለዲኤክስ፦
ካርቡራቶር ላላቸው ልጨምር፣ ምክንያቱም ምልክቱ አንድ ሆኖ መንስኤው ሌላ ነው። ዲኤክስ (ካርቡራቶር ያለው የድሮው ኮሮላ) ላይ ይህ ሲመጣ ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ያለው ክብ የቫኪዩም ጣሳ፦ ቱቦውን ነቅላችሁ በአፋችሁ ሳቡና ጫፉን በምላስ ዝጉ። መሳቡ ካልቆየ ውስጡ ያለው ጎማ ተቀዷል፣ በእኩል ፍጥነት የሚያስፈልገው አድቫንስ (የእሳቱ ቀደም ብሎ መምጣት) አይመጣም። ሁለተኛ፣ የእጅ ቾክ ካለው እየመነጨቀ ሳለ ቾኩን ትንሽ ሳቡት። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፣ ጂግለሩ (የካርቡራቶሩ የቤንዚን ቀዳዳ) ቆሻሻ ይዟል ማለት ነው። ጂግለር በአየር ይነፋል እንጂ ሽቦ አይገባበትም፤ ቀዳዳው ከሰፋ በኋላ ቤንዚን ይጠጣል።

አዳማ_መንገድ፦
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። ኮድ የለም፣ እኩል ብልጭ ድርግም ይላል። ቪሲ ላይ 5.0፣ ትሮትሉ ተዘግቶ ቪቲኤ 0.5፣ መርፌዋ እስከ መጨረሻው ሳትወርድ ሄደች። የኢጂአር ቱቦውን ደፍኜ ስነዳው መመንጨቁ ጠፋ። ታዲያ ባልቦላውን ልቀይር ወይስ እንዲህ ተደፍኖ ይቅር?

ከፍታ፦
ሁለቱም አይደለም። ባልቦላው ሚኒሞ ላይ በደንብ እየተዘጋ ነው፣ አለዚያ ሚኒሞው ይንቀጠቀጥ ነበር። ደፍነህ አትተወው፤ የእሳቱ ሰዓት የተቀመረው ኢጂአር እንደሚሠራ ታስቦ ነው። ከሌለ የቃጠሎው ሙቀት ይጨምራል፣ ወደ አዳማ ስትወርድ አየሩ ስለሚወፍር ሞተሩ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል።

መታየት ያለበት ቫኪዩም ሞዱሌተሩ ነው፦ ኢጂአሩ አጠገብ ያለ፣ ቱቦዎች የገቡበት ክብ የፕላስቲክ ዕቃ። ክዳኑን በቀስታ አንሳው፣ ውስጡ የስፖንጅ ፊልትሮ አለ። ሥራው በዚያ ፊልትሮ አየር እያስገባ ቫኪዩሙን ማላላት ነው። ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነ አየር አይገባም፣ ቫኪዩሙ ሳይቀነስ ባልቦላው ላይ ይደርሳል፣ ባልቦላውም ከሚገባው በላይ ይከፈታል። ፊልትሮውን አውጥተህ በኮምፕሬሰር አየር ንፋው፣ በቤንዚን አትጠበው። ስትመልሰው ሻካራው ፊት ወደ ውጭ ይሁን። ቱቦዎቹን ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ፤ ቦታቸው ከተቀያየረ ሌላ በሽታ ታመጣለህ።

ቴስተር፦
ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጭስ ማውጫውን እዩት። ሞዱሌተሩ የሚታዘዘው በጭሱ ግፊት ነው፤ ካታሊቲኩ (ጭስ ማጣሪያው) ከተደፈነ ወይም የማርሚታው ቱቦ ተመትቶ ከጠበበ ግፊቱ ይጨምርና ኢጂአሩን አብዝቶ ይከፍተዋል። የተደፈነ ካታሊቲክ ግን ዳገት ላይ ጉልበት ይቀንሳል፣ አንተ ሙሉ ነው ብለሃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስፖንጁን ክፈተው። ቱቦውን መልሰህ ሰክተህ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በዚያው ፍጥነት ሞክረውና ውጤቱን እዚሁ ጻፍልን።