ለጭነት ጉዞ የሚሆኑ ብስክሌቶችና የዕቃ መያዣዎች፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፤ ሥራ አስፈጻሚው ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብ፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ለሚደርሰውና ከዚያ ወደ ጎርጎራ ለሚወርደው ጉዞ፣ ማኅበሩ በጋራ የሚጠቀምባቸውን ብስክሌቶችና የዕቃ መያዣዎች እንዲያሟላ የሚጠይቅ ነው። ጊዜው የመንገዱ ፀጥታ ሲፈቅድ ብቻ የሚወሰን በመሆኑ እዚህ አንነጋገርበትም። የመጀመሪያው ረቂቅ «ስድስት አዳዲስ የተራራ ብስክሌቶች ከነቦርሳቸው ይገዙ» ይላል። ይህ አገላለጽ ለገዢው ኮሚቴ ምንም አይነግረውም የሚል አስተያየት ከጥገና ክፍሉ ስለቀረበ፣ አባላት ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንድታስረዱ በትሕትና እንጠይቃለን።

የጥገና ክፍል ኃላፊ

ያልተስማማሁበት ረቂቁ ከብስክሌቱ በመጀመሩ ነው። መነሻችን ጭነቱ ሊሆን ይገባል፤ ባዶውን ዓመት ሙሉ ያለ እንከን ሲሄድ የከረመ ብስክሌት 18 ኪሎ ግራም ሲጫንበት ጠባዩ ፈጽሞ ይለወጣልና። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው፣ 16 ኪሎ ግራም ብስክሌትና 18 ኪሎ ግራም ዕቃ ተደምረው 99 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ ከዚህም የሚበዛውን የሚሸከመው የኋላው ጎማ ነው። ጉዞ የሚያስተጓጉለው ብልሽትም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያው ነው፤ የሚበጠሱት የጎማ ሽቦዎች በአብዛኛው በማርሹ በኩል ያሉት ሲሆኑ፣ የሚበጠሱበትም ቦታ ከሞዞው (ከጎማው መሐል ካለው እምብርት) ጋር የሚታጠፉበት ነው። ጥፋቱን የክብደቱ ብቻ ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ ሽቦዎቹ እኩል ካልተወጠሩ የላላው ሽቦ ጎማው በዞረ ቁጥር እየጠበቀ እየላላ ብረቱ ይዝላል፣ በመጨረሻም ሜዳ ላይ ይበጠሳል።

ስለዚህ የምጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ባለ 36 ሽቦ የኋላ ጎማ፣ ግድግዳው ድርብ የሆነ ቸርኬ፣ ከግዢውም በኋላ ሽቦዎቹ ሁሉ በባለሙያ እጅ እንደገና እንዲወጠሩ ነው። የጎማው መጠን 26 ኢንች፣ ማለትም ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊሜትር ቢሆን እመርጣለሁ፤ የዚህ መጠን ጎማ በየከተማው ሱቅ ይገኛል። በ28 ኢንች ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የድሮው ከባድ ብስክሌት 635 ሚሊሜትር፣ የዛሬው ቀጭን ጎማ ደግሞ 622 ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ ሻጩ ሁለቱንም «28» ይላቸዋል፣ ጎማቸው ግን አይለዋወጥም። የአየር ማስገቢያው የመኪና ዓይነት ከሆነ ወረታም ሆነ አዘዞ ያለ ጎሚስታ ይነፋልናል። ፍሬሙ ብረት ይሁን፤ ብረት ቢሰበር ማንኛውም በያጅ ይይዘዋል፣ አሉሚኒየም ግን ልዩ ብየዳ የሚፈልግ ከመሆኑም በላይ ከብየዳው በኋላ የቀድሞ ጥንካሬውን አያገኝም።

አንድ ነባር አባል

የጥገና ክፍላችንን ማብራሪያ ባከብርም፣ ለባሕር ዳር ሰው ስለ ብስክሌት መንገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ነው። በየቤታችን ያለው ማርሽ የሌለው ከባድ ብስክሌት ብረት ነው፣ ሽቦው ወፍራም ነው፣ ፖርቶመጋላውም (የዕቃ መጫኛው) እህል በጆንያ ሲሸከም የኖረ ነው። ኃላፊው የዘረዘሩት ጥንካሬ ሁሉ በእጃችን እያለ ማኅበሩ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አልታየኝም።

የጥገና ክፍል ኃላፊ

ጋሼ ያሉት እስከ ወረታ ድረስ ትክክል ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚዘራበት ለጥ ያለ ምድር ስለሆነ በእርስዎ ብስክሌት ያለ ችግር ይታለፋል፤ ችግሩ የሚመጣው ከአዲስ ዘመን ወዲያ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ያንን ልዩነት በአንድ ጊዜ ወጥቶ አያርፍም፣ ወጥቶ ይወርዳል፣ ወርዶም ይወጣል። የፊት ማርሹ 48፣ የኋላው 20 ጥርስ የሆነ፣ ማርሽ መቀየሪያ የሌለው ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር 5 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ጥርስ ያለው ባለ 26 ኢንች ብስክሌት ግን በአንድ ዙር የሚሄደው 1 ሜትር ከ35 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። በዳገት ላይ ከጭነት ጋር የሚያስፈልገን ይህኛው ነው፤ በመጀመሪያው ብስክሌት ወርዶ መግፋት ግድ ይሆናል። ከሁሉም በላይ የምሰጋው ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ በዘንግ የሚሠራ የድሮ ፍሬን፣ በተለይ ቸርኬው ሲረጥብ፣ 100 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት በአስተማማኝ ሁኔታ አያቆምም።

አንዲት አባል

እስካሁን ሁሉም የተነገረው ለረጅም ሰው ነው። ስድስቱም ብስክሌቶች በአንድ ልክ ከተገዙ ቁመታችን አጠር ያለ አባላት፣ በተለይም ሴቶች፣ በስም ብቻ ተጠቃሚ እንሆናለን። ሰው ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ ከፍሬሙ አግድም ብረት በላይ መቆም ካልቻለ፣ ጭነት ያለበትን ብስክሌት በድንገት ሲያቆም ይወድቃል። ከስድስቱ ቢያንስ ሁለቱ ትንሽ ፍሬም እንዲሆኑ በሐሳቡ ውስጥ ይጻፍልን።

ከዚሁ ጋር፣ ከፔዳሎቹ መዞሪያ መሐል እስከ ኋላው ሞዞ ያለው ርቀት 44 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ ካጠረ ተረከዝ በየዙሩ የጎን ቦርሳውን ይመታል። የፊት ሞላ ያላቸውም ይቅሩ፤ ርካሹ ሞላ ክብደት ከመጨመሩ በቀር ለፊት ፖርቶመጋላ ማሰሪያ ቦታ የለውም። ኮርቻን ግን ማኅበሩ ባይገዛ ይሻላል፣ እያንዳንዱ የለመደውን ይዞ ይምጣ።

ሒሳብ ያዥ

ከክርክሩ የተረዳሁት ገንዘቡ ወደ ኋላ ጎማውና ወደ ፖርቶመጋላው መሄድ እንዳለበት ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ የሚለው ቃል ከረቂቁ ወጥቶ፣ ማርሽ ያላቸው ያገለገሉ የብረት ብስክሌቶች ተመርጠው እንዲገዙና የተረፈው ለጎማና ለፍሬን እድሳት እንዲውል አሳስባለሁ። ቦርሳ ከውጭ ማስመጣቱ ግን በማኅበራችን አቅም የሚሆን አይመስለኝም፤ እዚሁ የሚሠራ መኖሩን ባለሙያዎቹ ይንገሩን።

የሸራ ሥራ ባለሙያ የሆኑ አባል

ይሠራል፤ ነገር ግን ከቦርሳው በፊት ፖርቶመጋላው ይታሰብ። በያጅ ዘንድ ሄደን «ጠንካራ አድርገህ ሥራልን» ካልነው ባለ 10 ሚሊሜትር ፌሮ ያነሣል። አንዱ ሜትር ከ600 ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ 4 ሜትር የሚፈጀው ፖርቶመጋላ ዕቃ ሳይጫንበት 2 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ባለ 8 ሚሊሜትሩ ግን ሜትሩ 400 ግራም ያህል ስለሆነ አጠቃላዩ 1 ኪሎ ከ600 ግራም አካባቢ ነው፣ ለ18 ኪሎ ግራምም ይበቃል፤ ዋናው ነገር በአራት ነጥብ መታሰሩና እግሮቹ ወደ ጎን እንዳይወዛወዙ በሰያፍ ብረት መያያዛቸው ነው። ብሎኖቹ ባለ 5 ሚሊሜትር ሆነው በማይላላ ዳዶ ይጠበቁ፤ ኮረኮንች ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ብሎን ነው።

ቦርሳውን ከጭነት መኪና ሸራ እሰፋዋለሁ። ሸራው ራሱ ውሃ አያስገባም፣ የሚያስገባው የመርፌው ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ ስፌቱ ከታች ሳይሆን ከጎን ይሁን፣ ከውስጥም በማስቲሽ ቁራጭ ሸራ ይለጠፍበት። አፉ ዚፕ አይኑረው። አቧራ ዚፕን ቶሎ ይገድለዋል፤ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በማሰሪያ የሚያዝ አፍ ግን የሚበላሽ ነገር የለውም። ጀርባው ላይ ስስ ጣውላ ገብቶ ከላይ በሁለት የብረት ሜንጦ ይንጠልጠል፣ ከታች ደግሞ በውስጥ ጎማ ቁራጭ ተወጥሮ ይታሰር፤ ታችኛው ማሰሪያ የሌለው ቦርሳ ጉድጓድ በነካን ቁጥር ዘሎ ሽቦው ውስጥ ይገባል። ከባድ ዕቃ ወደ ታችና ወደ ፊት ይቀመጥ። ከላይ የሚታሰረው ቀላል ነገር ብቻ ነው፤ በሐይቁ ዙሪያ ወባ ስላለ ሊቀር የማይችለው አጎበርም ቦታው እዚያ ነው። ጋቢ ለመውሰድ የምትመኙ ሰዎች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ ደረቁን ደስ ይላል፣ ከረጠበ ግን እስኪደርቅ የሚጠብቅ ተጓዥ የለም።

የጥገና ክፍል ኃላፊ

በ18 ኪሎ ግራሙ ውስጥ ውሃውም እንደሚቆጠር በግልጽ ይጻፍ። አራት ሊትር ውሃ አራት ኪሎ ግራም ነው፤ የጋራ መፍቻና መለዋወጫ ሁለት ኪሎ ግራም ቢወስድ ለምግብ፣ ለልብስና ለመኝታ የሚቀረው 12 ኪሎ ግራም ነው። ከመለዋወጫውም ውስጥ የኋላ ማርሹን መንቀያ ማንም እንዳይረሳ፤ በማርሹ በኩል የተበጠሰ ሽቦ ያለ እርሱ አይቀየርም።

ጸሐፊ

እስካሁን በተባለው መሠረት የተሻሻለው አንቀጽ የሚከተለው ነው፦ «ማኅበሩ ያገለገሉ፣ ፍሬማቸው ብረት፣ ጎማቸው 26 ኢንች የሆነ፣ የፊት ሞላ የሌላቸውና ማርሽ ያላቸው ስድስት ብስክሌቶችን ይገዛል፤ ከእነዚህም ሁለቱ ትንሽ ፍሬም ይሆናሉ። የኋላ ጎማቸው ባለ 36 ሽቦ ሆኖ እንደገና ይወጠራል። ፖርቶመጋላና የሸራ ቦርሳ በከተማው ባለሙያዎች ይሠራል፤ የአንድ ተጓዥ ጭነት ውሃን ጨምሮ ከ18 ኪሎ ግራም አይበልጥም።»

ነባሩ አባል

በዳገቱና በፍሬኑ ጉዳይ ተረትቻለሁ። ይሁን እንጂ ስድስት ጥንድ ቦርሳ በአንድ ጊዜ ከማሰፋት በፊት አንድ ፖርቶመጋላና አንድ ጥንድ ቦርሳ ብቻ ይሠራ፤ ሙሉ ጭነት ተጭኖበት ዘጌ ድረስ ሄዶ በቡናው ጫካ ድንጋይና ሥር ላይ ይፈተን።

ሒሳብ ያዥ

እኔም እደግፋለሁ፤ «የቀሪዎቹ አምስት ክፍያ የሚፈጸመው ናሙናው ዘጌ ደርሶ ከተመለሰና የጥገና ክፍሉ በጽሑፍ ካጸደቀ በኋላ ነው» የሚለው ይጨመርልኝ።

ጸሐፊ

ተጨምሯል። የሸራው ባለሙያ የናሙናውን ልክ የሚወስዱበት ብስክሌት ከትንሹ ፍሬም ቢሆን ይመረጣል፤ ቦርሳው ለአጭሩ ከተስማማ ለረጅሙ አያስቸግርም።