የውሃ ውስጥ ጽዳት ዕቅዳችን፦ ከሐዋሳው አሞራ ገደል እስከ ጅቡቲ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ በተስማማነው መሠረት የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸውና። «ማኅበራችን ዐሥር በጎ ፈቃደኞችን ከሐዋሳ ወደ ጅቡቲ ልኮ በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ያለውን የኮራል ሪፍ ከፕላስቲክና ከተጣለ መረብ ያጸዳል።» ሐሳቡ የወጣቶቹ ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። ኮራል ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ስብስብ ነው፤ ሪፍ የሚባለውም እነሱ የገነቡት ድንጋይ መሰል መኖሪያ ነው። የኮራል ሪፍ የሚሸፍነው ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ የማይሞላውን ነው፤ ከባሕር ፍጥረታት ግን ሩብ ያህሉ የሚጠለሉት እሱ ጋ ነው። የጎደለውን ጨምሩ፣ የማይሆነውን ሰርዙ።

የባዮሎጂ መምህርቷ፦
ሥራው ተገቢ ስለመሆኑ አልከራከርም። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት በእስያና በፓስፊክ 159 ሪፎች ላይ ከ124,000 በላይ ኮራሎችን መርምሮ ነበር። ፕላስቲክ ያልነካው ኮራል የመታመም ዕድሉ 4 በመቶ፣ ፕላስቲክ ያረፈበት ግን 89 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ፌስታሉ ብርሃን ይጋርደዋል፣ ገላውን ይልጠዋል፣ በተላጠው በኩል በሽታ ይገባል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከዐሥሩ ውስጥ ጠልቆ የሚያውቅ ስንት አለ?

የጅቡቲ መስመር ሹፌሩ፦
መምህርት፣ እኔ አንድ ነኝ፤ ሌላ አላውቅም። እዚያው ጭነት ስጠብቅ በተማርኩት ነው የምጠልቀው። ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ቅርንጫፍ በሚመስል ኮራል ላይ የተጠመጠመ መረብ አገኘሁና ደግ የሠራሁ መስሎኝ ሳብኩት። ክንዴን የሚያህል ቅርንጫፍ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ከመረቡ ጋር መጣ። አስተማሪዬ ውሃ ውስጥ እጄን ይዞ አስቆመኝ፤ ከዚያ መቀሱን አወጣና የቀረውን መረብ ዓይን በዓይን እየቆረጠ ለቀቀው። ኮራል የሚያድገው በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር እያለ፣ ቀስ ብሎ ነው። እኔ በአንድ ጉተታ የስንት ዓመት ዕድገት ሰበርኩ? ኮራል የበቀለበት ቆሻሻ ደግሞ ጭራሽ አይነካም፤ ቤቱ ሆኗልና ይተዋል። ዋና መቻል ብቻውን ለዚህ አያበቃም፤ ውሃ ውስጥ ሳይወርዱ ሳይወጡ ተንሳፎ መቆም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ሌላም አለ። ጠልቆ የወጣ ሰው በደሙ ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል። ቶሎ ወደ ከፍታ ከወጣ የለስላሳ ቆርኪ ሲነሣ እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል፤ ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል። አውሮፕላን ለመሳፈር አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። የእኛ መንገድ ደግሞ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ሽቅብ ነው። ድሬዳዋ እንኳ ከ1,100 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ በረቂቁ ላይ «ለመጨረሻ ጊዜ ከተጠለቀ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን እዚያው ይታደራል» የሚል ይግባልኝ።

የጀልባ ባለቤቱ፦
ልጆቼ፣ ባሕሩን አላውቅም፤ ሐይቃችንን ግን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በጥቁር ውሃ መግቢያ በኩል፣ ፊላው ሥር፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ መረብ ጎትቼ አወጣሁ። የተያዘው ቆሮሶ ዓሣ ግማሹ በስብሶ አጥንቱ ቀርቷል፤ ሁለቱ ገና ይንፈራገጡ ነበር። ናይለን አይበሰብስም፤ ባለቤቱ ረስቶት መረቡ ግን ማጥመዱን አልተወም። ይህን እያየን ጅቡቲ ድረስ?

አንድ ወጣት አባል፦
ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው። ግን ሐይቁ ውስጥ ኮራል የለም። የተነሣንበት ዓላማ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። ወይስ ሐይቁን ማጽዳት ለባሕሩም ይጠቅማል ብለን እንጻፍ?

የባዮሎጂ መምህርቷ፦
እንዲያ ብለን አንጻፍ። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ፌስታልና ሃይላንድ እዚያው ይቀራል። የአዳማ ወዳጆቻችን አዋሽም ቢሆን አቤ ሐይቅ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ባሕር አይደርስም። ከሐይቁ የምናወጣው መረብ ቆሮሶውን ያድናል፣ ኮራሉን አያድንም። ለቆሮሶው ሲባል ብቻ ቢሠራስ ምን ይጎድለዋል? ሁለቱን በየስማቸው እንጥራቸው።

ደግሞ ማንም ሐይቁ ውስጥ እንዳይጠልቅ። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ጉማሬ አለ፣ ብልሃርዝያ አለ። ከፍታውም ወደ 1,700 ሜትር ስለሚጠጋ በስንት ሜትር ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው የባሕር ጠላቂዎች ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራም።

የጀልባ ባለቤቱ፦
መጥለቅ ለምን ያስፈልጋል? ባለ ሦስት ጥፍር ብረት በገመድ አስረን ከጀልባ ላይ እንጎትታለን። መረብ የጠፋበትን ቦታ አጥማጆቹ ይነግሩናል፤ «ማን ጣለ» ብለን ካልተነሣን ነው ታዲያ። ጥፋተኛ ፍለጋ ከሄድን አንዱም አፉን አይከፍትም።

ሒሳብ ያዥ፦
ይህን እደግፋለሁ። ለዐሥር ሰው የጉዞና የሥልጠና ወጪ አቅማችን አይደለም። ገመድ፣ ጓንት፣ የሕይወት ጃኬትና ሚዛን ግን በካዝናው ባለው ይገዛል።

ሰብሳቢ፦
ሁሉንም አነበብኩ፤ ወጣቶቹንም በስልክ አነጋግሬያቸዋለሁ። ረቂቁ እንዲህ ቢሆንስ፦

«ማኅበራችን በዚህ ዓመት ከዓሣ አጥማጆች ጋር በመሆን በሐዋሳ ሐይቅ የተጣሉ መረቦችን ከጀልባ ላይ ያወጣል። የወጣው ሁሉ ይመዘናል፤ የተገኘበት ቦታም ይመዘገባል። በሕይወት የተገኘ ዓሣ ይለቀቃል። በተጓዳኝ ሁለት አባላት የመጥለቅ ሥልጠና ወስደው የብቃት ወረቀት ሲይዙ፣ ጅቡቲ ውስጥ ፈቃድ ካላቸው ጠላቂዎች ጋር በኮራል ጽዳት ይሳተፋሉ። ኮራል አይነካም፤ መረብ ይቆረጣል እንጂ አይሳብም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከተጠለቀ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን እዚያው ይታደራል።»

ወጣቱ አባል፦
ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን የሚል ይጨመርልን። ሐሳቡን መጀመሪያ ያነሡት ሴቶቹ ናቸው።

ሰብሳቢ፦
ተጨምሯል። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ይጻፍ።

የጀልባ ባለቤቱ፦
ከእኔ በኩል ተቃውሞ የለም። ለመጀመሪያው ቀን ጀልባዬ በነጻ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት አሞራ ገደል ተገኙ፤ ከሰዓት ነፋስ ከተነሣ ሐይቁ አያሠራም። መቀስም አምጡ፣ ሁለት ይበቃል።