በሙቀት ወራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ምን ዓይነት የደንብ ልብስ ቢለብስ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሁለት ተማሪዎች እናት፣ ጅማ

ሴቷ ልጄ 9ኛ፣ ወንዱ ደግሞ 11ኛ ክፍል ናቸው። የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተማሪ ከገባበት ሰዓት እስከሚወጣበት ድረስ ጥቁር ሰማያዊ ሹራቡን ሳያወልቅ እንዲውል ያዛል፤ ወንዶች ረጅም ሱሪ፣ ሴቶች ከጉልበት በታች የሚወርድ ጉርድ ይለብሳሉ፤ ልጄ በዚያ ላይ ሂጃብ ታደርጋለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ስለሚበርድ ሹራቡን የጠላው አልነበረም። ከየካቲት ወዲህ ግን፣ በተለይ የከሰዓት ፈረቃ ሲደርሳቸው፣ ተማሪ ከታጨቀበት ባለቆርቆሮ ክፍል ሲወጡ የሸሚዛቸው ጀርባ ከገላቸው ጋር ተጣብቆ ነው። ሴቷ ልጄማ ራስ ምታት ይዟት መምጣት አዘውትራለች። ልጆች አምረውና ተመሳስለው መሄዳቸውን ስለምወድ ደንቡ እንዲሻር አልጠይቅም። የምጠይቀው፣ ሹራቡ በሙቀት ሰዓት እንዲወልቅ ለትምህርት ቤቱ እንዴት ማመልከት እንደሚቻል፣ ለሱሪና ለጉርድ የትኛው ጨርቅ እንደሚሻል፣ ሂጃቡም ከምን ቢሆን እንደሚቀላት ነው።

መልስ፦ መምህር

እኅቴ፣ ከማመልከትዎ በፊት ትምህርት ቤቶች በሹራቡ ላይ ለምን እንደሚጠነክሩ ማወቅ ይጠቅምዎታል። ብዙ ቦታ የደንብ ልብስ ተብሎ የተወሰነው ሹራቡ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ተማሪው ቤቱ ያለውን ይለብሳል። ስለዚህ ሹራቡ ሲወልቅ ዘበኛው ተማሪውን ከውጭ ሰው መለየት ያቅተዋል፤ ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ ውድ ካናቴራ የለበሰውና ሸሚዙ የተጣፈው ልጅ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንዱ ቤት ችግር በሌላው ፊት መገለጡ ነው። «ሹራብ ይቅር» ብላችሁ ብቻ ብትመጡ አስተዳደሩ እምቢ ቢል አልፈርድበትም።

የሚያዋጣው፣ በጠዋቱ ብርድ ሹራቡ እንዳለ ሆኖ፣ ከሥሩ የሚለበሰው ባለአጭር እጅጌ ሸሚዝ ራሱ የደንብ ልብስ እንዲሆን መጠየቅ ነው። ቀለሙ አንድ ይሁን፤ የትምህርት ቤቱ አርማ በደረት ኪሱ ላይ ይሰፋ። ያን ጊዜ ሹራቡ ቢወልቅም ተማሪው በደንብ ልብሱ እንዳለ ነው። ጥያቄውን ለብቻዎ ለርእሰ መምህሩ ከማቅረብ ይልቅ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል ቢያቀርቡት ክብደት ያገኛል። ጊዜውንም ይምረጡ፤ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ለአዲስ ሸሚዝ ገንዘብ አውጡ ማለት ድሀውን ወላጅ መጉዳት ስለሆነ፣ ለዘንድሮ በሙቀት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻ እንዲያወልቁ ይለመን፤ አዲሱ ሸሚዝ ደግሞ ሰው ለመስከረም ማሰፋት ከመጀመሩ በፊት፣ በሰኔ ይወሰን። አሮጌው ልብስ እስኪያልቅ ድረስ የሚለብሰው ልጅ ከበር እንዳይመለስም ይጻፍበት።

መልስ፦ ልብስ ሰፊ፣ ከመርካቶ አካባቢ

ስለ ጨርቁ እኔ ልናገር። ለደንብ ልብስ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ጨርቅ ፖሊስተር ወይም ፖሊስተር የበዛበት ነው፤ አይጨማደድም፣ ቀለሙ ቶሎ አይለቅም፣ ዋጋውም ይቀላል። ችግሩ ላብ አለመጠጣቱ ነው። ጥጥ ከአየር ብቻ እንኳ የክብደቱን 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ሲይዝ፣ ፖሊስተር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ እንጂ እንደ ጋምቤላ ቆላ አይደለችም፤ ነገር ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ልጆቹን የሚያስጨንቃቸውም ይኸው ነው።

ነጋዴው «ጥጥ ነው» ቢልዎት ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር መዝዘው በክብሪት ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ በጣት የማይፈርስ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ሁለቱም ከታዩ ድብልቅ ነው። ለሸሚዙ ንጹሕ ጥጥ ወይም ጥጡ የበዛበትን ይምረጡ፤ ለሱሪና ለጉርድ ድብልቁን አልነቅፍም፤ በግንቦትና በሰኔ ዝናብ ጭቃ የነካውን ማታ አጥበው ለጠዋት ማድረስ ያለብዎት እርስዎ ነዎትና፣ ንጹሕ ጥጥ በአንድ ሌሊት ላይደርቅ ይችላል።

ንጹሕ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚያጥር፣ ሳይቆረጥ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ አሳድረው፣ አድርቀውና ተኩሰው ለሰፊው ይስጡ። ሸሚዙ በብብቱና በጀርባው ሰፋ ይበል። ጉርዱ ከጠባብ ይልቅ ሽንሽን ቢሆን አየር ያስገባል፤ ገበር ካስፈለገውም ገበሩ ስስ ጥጥ ይሁን፤ ላዩን ጥጥ አድርጎ ከሥሩ የፖሊስተር ገበር መስፋት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ልጆቹ ገና የሚያድጉ ስለሆኑ ከታች ሰፊ እጥፋት ይተውላቸው። ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ በፀሐይ ይነጣልና ገልብጠው ጥላ ላይ ያስጡት።

መልስ፦ ልጆቿ ሂጃብ የሚያደርጉ እናት

እኅቴ፣ የእኔ ልጆች ችግር ከላይኛው ሂጃብ ይልቅ ፀጉር ለመያዝ ከሥር የሚደረገው ጠበቅ ያለ ኮፍያ ነበር። እሱን በስስ ጥጥ ስቀይረውና ላላ ሳደርገው ቀለላቸው። ላዩንም የሚያንሸራትተውን የሐር መሰል ጨርቅ ትታችሁ፣ ትምህርት ቤቱ በፈቀደው ቀለም ስስ ጥጥ ግዙ። ሁለት አድርጉላት፤ የከሰዓት ፈረቃ ሲሆን ትርፉ ቦርሳዋ ውስጥ ይቀመጥ፤ በላብ የራሰውን ቀይራ ትማራለች።

መልስ፦ የጤና ባለሙያ

ሙቀት ራስ ምታት ማምጣቱ እውነት ነው፤ የላበ ልጅ ውኃ ሳይጠጣ ሲውል ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል። የመጸዳጃ ቤቱን ሁኔታ ፈርተው ሆን ብለው ውኃ የማይጠጡ ልጃገረዶች ስላሉ ይህን በዝግታ ጠይቋት። ይሁን እንጂ ሁሉን በልብሱ አታሳብቡ፤ ውኃ እየጠጣች፣ ሹራቡም ወልቆ ራስ ምታቱ ከቀጠለ ጤና ጣቢያ ትታይ፤ ዓይኗም ይመርመር። ለሁለቱም ልጆች ካልሲው ጥጥ ይሁን፤ በየቀኑም ይቀየር።

ጠያቂዋ እንደገና

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአርማውን ሐሳብ ለኅብረቱ አባላት ነግሬያቸው ወደውታል፤ የሚፈሩት ዋጋውን ነው። ጥጡ ከተለመደው ጨርቅ ስለሚወደድ ብዙ ልጆች ያሉት ወላጅ እንዴት ይችለዋል?

መልስ፦ ልብስ ሰፊው

እያንዳንዱ ወላጅ ለብቻው በሜትር ሲገዛ በችርቻሮ ዋጋ ይከፍላል፤ ቀለሙም ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። ኅብረቱ የሚፈልገውን ወላጅ መዝግቦ በጣቃ ቢገዛ ግን ዋጋው ይወርዳል፤ የሁሉም ልጅ ሸሚዝ አንድ ቀለም ይሆናል፤ ሰፊውም ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሚያገኝ በእጅ ዋጋው ላይ ይቀንሳል። ከማመልከቻው ጋር የጨርቁን ናሙና አያይዛችሁ፣ አንድ ሸሚዝ አሰፍታችሁ ለርእሰ መምህሩ አሳዩ። ሸሚዙንም መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት፤ ከታጠበ በኋላ ቀለሙና ልኩ ምን እንደሚመስል አይተው ይወስናሉ።