አዲስ የጽዋ ማኅበር ልንጀምር ነው፤ ስንት ሰው? በምን ሕግ?

የባሶና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በቅዱስ ሚካኤል ስም በየወሩ በ12 የምንጠጣው የጽዋ ማኅበር ለመመሥረት ተስማምተናል። እስካሁን 12 ሰዎች ነን። ሕጉን ከመጻፋችን በፊት ያልተግባባንባቸው ነገሮች አሉ። ስንት አባል ቢሆን ይሻላል? ቀኑ ጾም ላይ ወይም ሥራ ቀን ላይ ሲውል ምን ይደረጋል? ድግሱስ ከቤት ቤት እንዳይበላለጥ በምን ይወሰን? የምታውቁ አስረዱን።

መንዜ

12 ሐዋርያትን አስባችሁ ከሆነ አሳቡ መልካም ነው፤ ተራው ላይ ግን ችግር አለው። 12 ሰው በ12 ወር ሲዞር እያንዳንዱ በየዓመቱ ያው ወር ይመጣበታል። ታኅሣሥ የደረሰው ዘላለም በጾመ ነቢያት ይደግሳል። መጋቢት 12 ፋሲካ ቢቀድምም ቢዘገይም ከዐቢይ ጾም አይወጣም። ነሐሴ 12 ፍልሰታ ነው። ኅዳርና ሰኔ የደረሳቸው ደግሞ ዓመታዊው በዓል ስለሚሆንባቸው እንግዳው ሁልጊዜ እነሱ ቤት ይበዛል። ጥር 12 ሌላ ጣጣ አለው፤ ቃና ዘገሊላ ነው፣ የሚካኤል ታቦትም ከጥምቀተ ባሕር የሚመለሰው የዚያን ዕለት ነው። ታቦቱ መንበሩ ሳይገባ ማንም ቤት አይገኝም፤ ስለዚህ ለጥር ሰዓቱን ወደ ማታ ግፉት።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ 13ኛ ሰው ጨምሩ። ያኔ የእያንዳንዱ ተራ በየዓመቱ አንድ ወር ይገፋል፤ ጾሙም ፍስኩም ለሁሉም ይዳረሳል። ከ15 በላይ ግን አትውጡ። ከነባለቤትና ከነጎረቤት ሲቆጠር ቤት አይበቃም፣ መደብም አይችለውም።

ቡልጌ

ሥራ ቀን ላይ ሲውል ወደ እሑድ እናዛውር የሚል አሳብ መነሣቱ አይቀርም። እኔ አልደግፈውም። አንዴ ከተዛወረ በሚቀጥለው ወር «ለኔም ይዛወርልኝ» ይመጣል፣ ከዚያ ቀኑ ይጠፋል፤ ቀኑ የጠፋበት ማኅበር ደግሞ የቅዱሱ መታሰቢያ መሆኑ ቀርቶ ተራ ግብዣ ይሆናል። ሕጉ ላይ «በ12፣ ከ11 ሰዓት በኋላ» ብላችሁ ጻፉት።

ስለ ጾሙ፦ መንዜ ከጠቀሳቸው ሦስት ወሮች ሌላ የካቲት፣ ሚያዝያና ሰኔ እንደ ፋሲካው ይለያያሉ፤ አንድ ዓመት ጾም፣ አንድ ዓመት ፍስክ ይሆናሉ። መስከረም ላይ ባሕረ ሐሳቡ (የዓመቱ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ስሌት) ሲታወጅ ጸሐፊያችሁ የ12ቱን ወር ዝርዝር አውጥቶ ለየደጋሹ ይስጥ። ረቡዕና ዓርብ ላይ ሲውል የጾም ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ይህን ረስቶ ሽሮ ብቻ ያቀረበ ደጋሽ አይወቀስ፤ ቀድሞ ይነገረው እንጂ።

ሰባልዮስ

የዕለቱን ሥርዓት ልጨምር። መጀመሪያ ጧፍ ይበራል፤ የማኅበሩ ካህን ጸሎት ያደርሳል፤ ከድርሳነ ሚካኤል የዚያ ወር ንባብ ይነበባል፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ጽዋው ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ነው መብልና መጠጡ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም ጠላው ቀድሞ ሲቀዳ፣ ንባቡን የሚያዳምጥ አይገኝም። መጨረሻ ላይ ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ አባላቱ እየዘመሩ ይሸኙታል።

ሙሴ (የማኅበሩ መሪ) አድርጋችሁ የምትመርጡት ሰው ታጋሽ ይሁን። ዋናው ሥራው ማስታረቅ ነው። የተጣሉ አባላት ካሉ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ወደ ውጭ ጠርቶ ያነጋግራቸው፤ ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ አይጠጡም። ሐዘን ወይም ወሊድ የገጠመው ሰው ተራውን ከቀጣዩ ጋር ይቀያየር እንጂ አይዝለል፤ የተዘለለ ተራ ቂም ያመጣል። ሕግ ለተላለፈ ቅጣት የምትወስኑ ከሆነ ገንዘቡን ከዕድር ሣጥን ጋር አትቀላቅሉ።

እመ ብርሃን

ድግሱን በመጠን ጻፉት እንጂ «እንደ አቅም» አትበሉ። «እንደ አቅም» የሚል ሕግ ያለበት ማኅበር ውስጥ አንዷ በግ ታርዳለች፣ ቀጣይዋ ለመብለጥ ትበደራለች፣ የሌላት ደግሞ አፍራ ትቀራለች። ማኅበር የሚፈርሰው ባለመደገስ ሳይሆን በዚህ ነው። ለ40 ሰው ሦስት ድፎ ዳቦ (እያንዳንዱ 3 ኪሎ ዱቄት)፣ አንድ ዓይነት ወጥና 40 ሊትር ጠላ ይበቃል። መጨመር ክልክል ነው ብላችሁ እሰሩት። የተረፈው ለነዳያን ይሰጥ።

ለጠላው ወደ 8 ኪሎ ገብስ፣ 2 ኪሎ ብቅል፣ 1 ኪሎ ተኩል የተወቀጠ ጌሾ ያዙ። ማሰሮው በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠን። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ቆላ ላይ የሚበቃው ቀን እዚህ አይበቃም፤ ጌሾው በውኃ 4 ቀን፣ ብቅሉና ቂጣው ከገባ በኋላ 3 ቀን፣ እንኩሮው (ታሽቶ በምጣድ የታመሰው የገብስ ዱቄት) ገብቶ ድፍድፍ (ውኃ ያልተሞላበት ወፍራም ጥንስስ) ከሆነ በኋላ 5 ቀን፣ ውኃ ተሞልቶ ከታሸገ በኋላ 2 ቀን። ድምሩ 14 ነው፤ ለ12 እንዲደርስ ባለፈው ወር በ28 ይጠነሰስ፤ ለመስከረም ብቻ ጳጉሜን ስላለች 14 ቀን ወደ ኋላ ይቆጠር።

የባሶና ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። 13ኛውን ሰው እንጨምራለን፣ መጠኑንም እንጽፈዋለን። እመ ብርሃን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ባለፈው እዚህ ሰፈር የተጠመቀ ጠላ ድፍድፉ ሳይፈላ ቀረ፣ ውኃ ሲሞላበትም ቀጥኖ ኮመጠጠ። ምን ሆኖ ይሆን?

እመ ብርሃን

ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። እንኩሮው ከምጣድ እንደወረደ ትኩሱን ገብቶ ከሆነ ጥንስሱን ይገድለዋል፤ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ተዘርግቶ መቆየት አለበት። ሁለተኛው፣ ሳይፈላ ውኃ መሙላት ነው። ድፍድፉ ከላይ ሲሰነጣጠቅና ጆሮ ሲያስጠጉበት ሲንሿሿ ብቻ ነው የሚሞላው። ካልፈላ ቀን አይቁጠሩ፤ ማሰሮውን በጆንያ ጠቅልለው ወደ ምድጃው ያስጠጉትና አንድ ሁለት ቀን ይጨምሩለት። ክዳኑን ደጋግሞ መክፈትም ያኮመጥጠዋል፤ በጭቃ ከታሸገ እስከ ዋዜማው አይነካ።